አዘጋጁ «ወደ ላይ» ሲለኝ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ፤ የመድረክ ቋንቋ የምታውቁ እርዱኝ

አዲስ_ገቢ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። የሠፈራችን የድራማ ክበብ ውስጥ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ።

የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት። ደብዳቤ ይዤ እገባለሁ። ለአባትየው እሰጣለሁ። አራት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ እወጣለሁ። ዛሬ ልምምድ ላይ ደብዳቤውን እንደሰጠሁ አዘጋጁ «ወደ ላይ! ወደ ላይ ሂድ!» ብሎ ጮኸ። ላይ የት ነው? ዙሪያዬን ሳይ ከፍ ያለ ነገር ጠረጴዛው ብቻ ነው። ወጣሁበት። እውነቴን ነው፣ ከነጫማዬ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልያዝኩም። «ቀኝ» ሲለኝ ግራ እሄዳለሁ። «ኪውህን ጠብቅ»፣ «ብሎኪንግህን አትርሳ»፣ «ሰብቴክስት የለህም» ይላል። ራሴን እየነቀነቅኩ «እሺ፣ እሺ» አልኩ። አንዱም አልገባኝም። መጠየቅም አፈርኩ። እዚህ ማንም አያውቀኝም ብዬ ነው የምጽፈው።

ለጀማሪ የሚሆን የቃላት ዝርዝር ያለው ሰው ቢለጥፍልኝ ቁጭ ብዬ እሸመድዳለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለወላጆች እናሳያለን።

ሁለተኛ_ዓመት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡31

ሃሃሃ ከነጫማህ! ይቅርታ ወንድሜ። እኔም የቴአትር ትምህርት ክፍሉን የተቀላቀልኩ ሰሞን አንዱ አንጋፋ ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ «ቤቱ እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ቤቱ ማለት ለካ ተመልካቹ ኖሯል። ሞልቷል ወይ፣ ይስቃል ወይ፣ ቀዝቅዟል ወይ ማለቱ ነበር።

ያንተን ልመልስ። ላይ ማለት ከተመልካቹ የራቀው የመድረኩ ክፍል ነው። ታች ማለት ወደ ተመልካቹ የቀረበው ጫፍ። ቀኝና ግራ ሁልጊዜ የተዋናዩ ነው፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ሲቆም። አዘጋጁ ከፊትህ ተቀምጦ ስለሚያይህ የእሱ ግራ ያንተ ቀኝ ነው። ግን የሚያዝህ ባንተ ቀኝ ነው። መገልበጥ የእሱ ሥራ ነው። አንተ ምንም አትገልብጥ።

እነዚህን ስታጋጥማቸው መድረኩ ዘጠኝ ቦታ ይሆናል። ላይ ቀኝ፣ ላይ መሐል፣ ላይ ግራ፤ ከዚያ መሐሉ ሦስት፣ ታቹ ሦስት። ዝርዝሩን ነገ እልክልሃለሁ።

አሮጌ_መድረክ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ አትፈር። ቃሉን እንደ ድሮ ሰው ነው የተረዳኸው።

ድሮ መድረክ ዳገት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያኖች ከመድረኩ ጀርባ የከተማ መንገድና ሕንፃ የተሳለበት ሸራ ያቆሙ ነበር። ሥዕሉ ርቆ የሚሄድ እንዲመስል ወለሉን ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርገው ሠሩት። ወደ ኋላ የሚሄድ ተዋናይ እውነትም ሽቅብ ይወጣል። ወደ ሕዝቡ የሚመጣው ቁልቁል ይወርዳል። ዛሬ አብዛኛው መድረክ ሜዳ ሆኗል። ዳገቱ ወደ ተመልካቹ ወንበር ተሻግሯል። ቃሉ ግን እዚያው ቀረ።

ከዚህ ቃል ጋር አንድ ኃጢአት አብሮ ይመጣልና ልንገርህ። ሁለት ሰው ሲነጋገር አንዱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ካፈገፈገ፣ ታች የቀረው እሱን ለማየት ጀርባውን ለሕዝብ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ፊቱ የሚታየው ላይ ያለው ብቻ ነው። በሞያችን ይሄ ሌብነት ነው። እኔም በጎረምሳነቴ ሠርቼዋለሁ። አንድ ምሽት አብራኝ የምትጫወተው ሴት ነቃችብኝ። እኔ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ዞራ አላየችኝም። ታች ያለ ባዶ ወንበር እኔ እንደሆንኩ አድርጋ፣ ፊቷን ለሕዝቡ ሰጥታ፣ ወንበሩን እያናገረች ትዕይንቱን ጨረሰችው። እኔ ላይ እንደ ኮት መስቀያ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩም።

ዝርዝር ልሸምድድ ያልከውን ተወው። የመድረክ ቃል አልጋ ላይ ተኝተህ የምታጠናው አይደለም። «ላይ» ሲሉህ እግርህ መንቀሳቀስ አለበት። ክፍልህ ውስጥ አልጋህን ተመልካች አድርገውና እየተራመድክ ጥራው። ላይ ቀኝ፣ ታች ግራ። ሁለት ቀን ይበቃሃል።

አዲስ_ገቢ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ እየሞከርኩ ነው፤ እናቴ በር ላይ ቆማ «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች። ኪውና ብሎኪንግስ?

የጀርባ_በር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡02

ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው። የመድረክ አስተዳዳሪ ነኝ። መብራት ሲጠፋ የምትሰደበው፣ ሁሉም ነገር ሲያምር ስሟ የማይነሳው።

ኪው ማለት ያንተን ንግግር ወይም እንቅስቃሴ የሚቀሰቅስ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ የሌላው ሰው የመጨረሻ ቃል ነው። አባትየው «ማነው በሩ ላይ?» ካለ «በሩ ላይ» የምትለው ያንተ ኪው ናት። ስለዚህ የራስህን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለችውንም ሸምድድ። በሼክስፒር ዘመን ለተዋናይ ሙሉ ድርሰት አይሰጠውም ነበር። የራሱ ንግግርና ከእያንዳንዱ በፊት ያሉት ጥቂት የኪው ቃላት ብቻ በጥቅልል ወረቀት ይጻፉለታል። እንግሊዞች ሚናን «ሮል» የሚሉት ከዚያ ጥቅልል ነው። አስበው፣ ቀሪውን የምትሰማው ጆሮህን አቁመህ ነው።

መብራትም ድምፅም ኪው አላቸው። ቁጥር አላቸው። እኔ በማዳመጫው «መብራት 14 ተዘጋጅ» እላለሁ። ከዚያ «ሂድ»። እዚያ ክፍል ውስጥ «ሂድ» የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር የሚናገር ሰው የለም። አንድ ጊዜ አዲስ ልጅ «ሂድ ባክህ፣ አትቀልድ» አለና መድረኩ በጠራራ ፀሐይ ጨለመ።

ብሎኪንግ ማን፣ መቼ፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የተወሰነበት ነው። እኔ ዘንድ ያለው ጽሑፍ በየገጹ ትይዩ ባዶ ወረቀት አለው። እዚያ ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። በእርሳስ! ስክሪብቶ ይዞ የመጣ አዘጋጁን አያውቀውም ማለት ነው። ሐሙስ ያጸደቀውን ቅዳሜ ያፈርሰዋል።

የሶፋው እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር እለጥፋለሁ። ስፓይክ እንለዋለን። መጋረጃ ተዘግቶ በጨለማ ዕቃ ስንቀይር ያቺ ፕላስተር ናት የምታድነን። አትርገጧት፣ አትላጧት።

ፕሮፕ ደግሞ ተዋናይ በእጁ የሚይዘው ነው፤ ደብዳቤህ ፕሮፕ ናት። ቤቱ፣ በሩ፣ ሶፋው ዲኮር ነው። ወንበሩን አንስተህ ሰው ከመታህበት ግን ፕሮፕ ሆነ። ከመድረኩ ጎን፣ ክንፉ ውስጥ፣ የፕሮፕ ጠረጴዛ አለ። ላዩ ላይ ወረቀት አንጥፌ የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ በማርከር ከብቤ ስሙን እጽፋለሁ። ባዶ ክብ ካየሁ አንድ ሰው ዕቃ አልመለሰም ማለት ነው።

የፕሮፕ ሕግ አንድ ነው። ያንተ ያልሆነውን አትንካ። አንድ ምሽት የአረቄ ጠርሙስ ነበረን። ውስጡ ውኃ ነው። ጓደኛችን ለቀልድ እውነተኛውን ሞላበት። ተዋናዩ በድርሰቱ መሠረት በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ ማድረግ ነበረበት። አደረገ። ከዚያ የሚቀጥለው የአንድ ገጽ የሽምግልና ንግግር ነው። ግማሹን ተናገረ፤ ግማሹን አለቀሰ። ሕዝቡ ትወና መስሎት አጨበጨበ።

ንጹሕ_አማርኛ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄን ሳነብ ጋራዥ የገባሁ መሰለኝ። ኪው፣ ብሎኪንግ፣ ስፓይክ፣ ፕሮፕ። አማርኛ ምን ጎድሎት ነው?

የሚጻፈው ተውኔት ነው። የሚጽፈው ጸሐፌ ተውኔት። የሚጫወተው ተዋናይ፣ ሲበዙ ተዋንያን። ሥራው ትወና። ሁሉም ከግእዙ «ተዋነየ» የመጡ ናቸው፤ ተጫወተ፣ ቀለደ ማለት ነው። ትልቁ ክፍል ገቢር ይባላል፤ «ገብረ»፣ አደረገ ካለው ነው። ገቢር በትዕይንት ይከፋፈላል። በድርሰቱ የተፈጠረው ሰው ገጸ ባሕርይ ነው። የሚባባሉት ቃለ ተውኔት ነው። ድርጊት ድርጊትን እየሳበ የሚሄድበት ገመድ ሴራ ይባላል። (ሴራ ሲባል ተንኮል ብቻ የሚመስላቸው አሉ።) ነገሩ ተካርሮ ጫፍ ሲደርስ ጡዘት፣ ሲፈታ ልቀት።

ከሁሉም የምወዳት ግን መቼት ናት። መቼ እና የት። ሁለቱ ተጋጭተው አንድ ቃል ወጣ። እንግሊዝኛው እንኳ ጊዜንና ቦታን እንዲህ በአንድ ቃል ፊት ለፊት አላስቀመጠም።

መብራት_አብሪ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 2፡10

መጀመሪያ ቴአትር ነው፣ ቲያትር ነው ወይስ ትያትር የሚለውን ጨርሱልን። ከዚያ ወደ ብሎኪንግ እንመጣለን።

ሁለተኛ_ዓመት | እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡00

@ንጹሕ_አማርኛ ሁሉም ልክ ነው፤ ፈተና ላይም ይመጣል። ግን የዘረዘርከውን እየው። ሁሉም ስለ ድርሰቱ ነው። ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ መቼት፣ ጡዘት፣ ልብ ወለድም ላይ ይሠራል። እህታችን የዘረዘረችው ግን የእንጨት፣ የገመድና የአምፖል ነገር ነው። ድርሰቱ አማርኛ ለመደ። ዕቃው ነው ገና እንግዳ የሆነው።

እና አማርኛውም ቢሆን ያወናብዳል። «አዘጋጅ» የሚለውን ውሰድ። ቴአትር ቤት ውስጥ አዘጋጅ ማለት ተዋንያኑን የሚመራው፣ ድርሰቱን ወደ መድረክ የሚተረጉመው ሰው ነው። ፊልም ላይ ዳይሬክተር የሚባለው። ጋዜጣ ላይ ግን አዘጋጅ ጽሑፍ የሚያርመው ነው። ሠርግ ላይ ደግሞ ድንኳን የሚተክለው። አክስቴ «አዘጋጅ መሆን እፈልጋለሁ» ስላት ለልጇ ልደት ቀጠረችኝ።

አሮጌ_መድረክ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ዕቃው እንግዳ የሆነበት ምክንያት አለው። ብሔራዊ ቴአትርን ተመልከቱ። ሕንፃውን የጀመሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ለሲኒማ አዳራሽ አስበውት። ከዚያ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። መክፈቻው የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ድርሰቱ የአገር ሰው፣ ቋንቋው አማርኛ፣ አዳራሹ የአውሮፓ። ተመልካች ከፊት ለፊት ብቻ ተቀምጦ መድረኩን እንደ ሥዕል በፍሬም ውስጥ ያያል። ፕሮሴኒየም የሚባለው ይሄ ነው። ፍሬሙ ከመጣ ክንፉ፣ መጋረጃው፣ የገመዱ ስም አብሮ ይመጣል።

ሌላም ዓይነት መድረክ አለ። የሼክስፒር ሰዎች የሠሩበት ግሎብ፣ እ.ኤ.አ. በ1599 የቆመው፣ መድረኩ ወደ ሕዝቡ ገብቶ በሦስት ጎን የተከበበ ነበር። አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው መሬት ላይ ቆሞ ያያል። ተዋናዩ ጀርባ የሚሰጠው ሰው ሁልጊዜ አለ። ክብ መድረክ ደግሞ በአራቱም ጎን ሰው አለው። እዚያ ላይና ታች ብሎ ነገር የለም። የእኛ አዝማሪ ጠጅ ቤት ውስጥ ሲዞር የሚሠራው እንደዚያ ነው። ጀርባውን የሚሰጠውን ሰው በግጥም ይክሰዋል።

ስለ ትዕይንት አንድ ነገር ልጨምር። ግሪኮች ከመድረኩ ኋላ ተዋናዩ ልብስ የሚቀይርባትን ቤት «ስኬኔ» ይሏት ነበር። ድንኳን ማለት ነው። የእንግሊዞቹ «ሲን» ከዚያ ወረደ። በግእዝ መጻሕፍት «ትዕይንት» ሰፈር ነው፤ ሕዝቡ ድንኳን ተክሎ የሰፈረበት። ቃሎቹ አይዛመዱም። ግን እኛም እነሱም ድንኳን ውስጥ ተገናኘን። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ቨርጂኒያ_ያለሁ | እሁድ፣ ከቀኑ 9፡15

ሰላም ከሩቅ። እኛ እዚህ ለልጆቻችን በዓመት አንዴ አጭር የአማርኛ ድራማ እናዘጋጃለን፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። የእኛ ችግር የእናንተ ግልባጭ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ድራማ ስለሚማሩ «ዳውንስቴጅ ሌፍት» (ታች ግራ) ስላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዳሉ። «የገጸ ባሕርይህን ስም ንገረኝ» ስለው አንዱ «ገጽ ስንት ላይ ነው?» አለኝ። ጽሑፉን ማገላበጥ ጀመረ።

አዳራሹ ክንፍ የለውም። መግቢያና መውጫችን የወጥ ቤቱ በር ነው። ባለፈው ሐዘንተኛዋ እናት ስትገባ የሽንኩርት ጭስ አብሯት ገባ። እንባዋ ግን እውነተኛ ሆነ።

አዲስ_ገቢ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላይና ታች ገብቶኛል፤ ኪውዬንም አስምሬበታለሁ። አንድ የቀረኝ ሰብቴክስት ነው። የእኔ አራት ዓረፍተ ነገር ይኸው፦

«አባባ፣ ደብዳቤ መጥቶልዎታል። ከሐዋሳ ነው። መልእክተኛው ትናንት ነበር ያመጣው። ሻይ ላምጣልዎት?»

ከዚህ ሥር ምን ሊደበቅ ይችላል? ደብዳቤ አቀባይ ነኝ።

አሮጌ_መድረክ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡50

ልጄ፣ ሦስተኛዋን መልሰህ አንብባት።

ደብዳቤው ትናንት ነው የመጣው። ዛሬ ነው የምትሰጠው። ሌሊቱን የት አደረ? አንተ ጋ። ለምን? ጸሐፊው በነጻ የጻፋት ቃል አይደለችም። ከሐዋሳ ማን እንደጻፈ ታውቃለህ፤ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳለበት ጠርጥረሃል። ለሽማግሌው አዝነህ ይሁን ፈርተህ፣ አንድ ሌሊት ይዘኸው አድረሃል። አሁን እውነቱን ተናገርክ። ተናግረህ ደግሞ መቆም አቃተህ። «ሻይ ላምጣልዎት?» የሻይ ጥያቄ መሰለህ? ከዚህ ክፍል አውጡኝ ማለት ነው። አፍህ ሻይ ይላል፤ እግርህ በር ይፈልጋል። ሰብቴክስት ይኸው ነው። ከቃሉ ሥር ያለው ቃል።

ስታኒስላቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ ተዋናይና አዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ከባልንጀራው ጋር የሞስኮ አርት ቴአትርን የመሠረተ ሰው ነው። ተዋናይ አንድን ሚና እንዴት እንደሚከፋፍል ሲያስረዳ የምሳ ጠረጴዛ ላይ የቀረበ ተርኪ፣ ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ፣ ይጠቅሳል። ሙሉውን በአንዴ መዋጥ አትችልም፤ በየክፍሉ ትቆርጠዋለህ። እኔን ያስተማረኝ ሰው ተርኪውን ጣለውና ዶሮ አደረገው። «ዶሮ ስንት ብልት አላት?» ይለናል። «አሥራ ሁለት!» እንላለን። «እንግዲያው ትዕይንቱን ብልት በብልት አውጡልኝ» ይላል። ዛሬ ልጆቹ ቢት የሚሉት ያንን ነው። ሐሳቡ የሚዞርበት፣ ፍላጎቱ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ቢላውን ታሳርፋለህ። አጥንት ላይ አትቁረጥ። ሞያ ያላት ሴት መገጣጠሚያውን በጣቷ ትፈልገዋለች።

ያንተ አራት ዓረፍተ ነገር ስንት ብልት አለው? እኔ ሦስት አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማድረስ። ሦስተኛዋ መናዘዝ። አራተኛዋ ማምለጥ።

እነዚህ ሦስቱ ግስ መሆናቸውን ልብ በል። እያንዳንዱ ብልት ውስጥ የምትፈልገው ነገር አለ። ዓላማ ይሉታል መጽሐፎቹ። ስታኒስላቭስኪ የተጠቀመበት የሩሲያኛ ቃል ግን «ዛዳቻ» ነው። ተማሪ ቤት የሚሰጥ የሒሳብ ጥያቄም በዚያው ቃል ይጠራል። የሚፈታ ነገር። ለእኔ «ዓላማ» ከሚለው ይልቅ ይሄ ይቀርበኛል። «አዝኛለሁ» ብለህ መድረክ ላይ መውጣት አትችልም። ማዘን አይሠራም። የምትሠራው ነገር ያዝ፤ አድርስ፣ ተናዘዝ፣ አምልጥ። ሐዘኑ ከፈለገ ራሱ ይመጣል።

የጀርባ_በር | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጋሼ፣ ይሄን ሳነብ ለአራት ዓረፍተ ነገር ልጅ ቀናሁ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሦስተኛዋን ስትናገር ደብዳቤውን ለቀህ ሁን። ከያዝከው ሕዝቡ ወረቀቱን ነው የሚያየው። ለአባትየው ስትሰጥም ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አትዙር። ሰውነትህን በግማሽ ወደ ሕዝቡ ክፈት። ተዋናይ ለጎረቤቱ እያወራ ለመጨረሻው ረድፍ የሚታይ ሰው ነው።

ሁለተኛ_ዓመት | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ዝርዝሩን እልካለሁ ብዬ ነበር፤ ጋሼ ካሉት በኋላ ዝርዝር መላክ አሳፈረኝ። ስለዚህ አንድ ቴአትር ብቻ ልውሰድ። የሼክስፒር ኦቴሎ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው።

ኢያጎ፣ የጦር አዛዡ ኦቴሎ ሚስቱን እንዲጠረጥር የሚያደርገው ወታደር፣ ብቻውን ሲቀር ወደ እኛ ዞሮ ተንኮሉን ይነግረናል። ሰው መድረክ ላይ ብቻውን ሆኖ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ሲያወጣ ሶሊሎኪ ነው። ሌሎች አጠገቡ እያሉ እኛ ብቻ እንድንሰማ ቢያንሾካሹክ አሳይድ ይባላል። መነባንብ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ አንድ ሰው የሚያሰማው ረጅም ንግግር ነው፤ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም።

አሁን እኛ የኢያጎን ተንኮል አውቀናል። ኦቴሎ አያውቅም። «ታማኙ ኢያጎ» ባለ ቁጥር ወንበራችን ላይ እንቁነጠነጣለን። ድራማዊ ምፀት ይኼ ነው። ተመልካቹ ከገጸ ባሕርይው አንድ እርምጃ ቀድሞ ሲያውቅ።

ከዚያ መሐረቡ። አንዲት ጨርቅ ናት። ጠፍታ፣ ተነሥታ፣ ሌላ ሰው እጅ ገብታ የኦቴሎን ሚስት አስገደለቻት። እህታችን ፕሮፕ አትንኩ የምትለው ወዳ አይደለም። መሐረቡ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ያን ምሽት ኦቴሎ የሚቀናበት ነገር የለውም።

አራተኛ ግድግዳ ደግሞ በእኛና በመድረኩ መሐል አለ ብለን የምናስበው ግድግዳ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ እ.ኤ.አ. በ1758 ተዋንያን ግድግዳ እንዳለ አድርገው፣ መጋረጃው ያልተከፈተ ያህል እንዲጫወቱ መክሯል። ኢያጎ በዚህ ግድግዳ ላይ ገና ድሮ መስኮት ከፍቶበታል። ግድግዳውን አጥብቀው የያዙትም ነበሩ። አንድሬ አንትዋን የሚባል አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓሪስ ውስጥ ሥጋ ቤት የሚያሳይ ድራማ ሲያቀርብ እውነተኛ ሥጋ ነው መድረክ ላይ የሰቀለው። እኛ አገር ቢሆን ከዕረፍት በኋላ የሚተርፍ አይመስለኝም።

መብራት_አብሪ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡34

ለመብራት ሰው አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። እሺ፣ እኔ ልጻፍ። ፊትህ ላይ ሙቀት ካልተሰማህ ብርሃኑ ውስጥ አይደለህም። አንድ እርምጃ ሂድ። አመሰግናለሁ።

አዲስ_ገቢ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡40

ሰላም። አሳየን። ዛሬ ነበር።

መጀመሪያ ልናገር፤ ኪውዬ አልመጣም። ክንፉ ውስጥ ደብዳቤዬን ይዤ «በሩ ላይ» የሚለውን እጠብቃለሁ። አባትየው ልጅ ረሳው። ዝም። ጭር አለ። ከዚያ ዝም ብሎ በሩን አየና «ግባ እንጂ» አለ። ማንም አላንኳኳም! ገባሁ።

ሙቀቱን ፊቴ ላይ እስኪሰማኝ አንድ እርምጃ ጨመርኩ። ደብዳቤውን ሰጠሁ፤ ለቀቅኩት። «መልእክተኛው ትናንት ነበር ያመጣው» ብዬ ቆምኩ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት እናት ጮክ ብለው «ኧረ ደብቆት ነው!» አሉ። አጠገባቸው ያሉት «እሽሽ» አሏቸው። እሳቸው «ምን እሽሽ ትሉኛላችሁ፣ ዓይኑን እዩት» አሉ። አራተኛው ግድግዳ ተደረመሰ። ጋሼ፣ ሻዩን ስጠይቅ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ እኔ አላንቀጠቀጥኩትም። ከዚያ ወደ ላይ ሄድኩ። ጠረጴዛውን በጎኑ አልፌ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ስንጨርስ አዘጋጁ «ነገ ጠዋት ስትራይክ አለ» አለን። ሥራ ማቆም ማለት ነው አይደል? ልተኛ ነው ያሰብኩት።

የጀርባ_በር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡52

ዲኮሩን ማፍረስ ማለት ነው። 2 ሰዓት ላይ ፔንሳ ይዘህ ተገኝ። ፕላስተሩን ከወለሉ የምትልጠው በጥፍርህ ነው።